ለኩላሊት በሚስማማ አመጋገብ የቅመም ቅጠሎች አጠቃቀም

የተጎዳ ኩላሊት በጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም የተባለ ንጥረ ነገር ሲተርፍ አጣርቶ ማስወጣት ይሳነዋል። የቀረው ሶዲየም ውሃ ስለሚይዝ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እግር ያብጣል። ስለዚህ ለአብዛኞቹ የኩላሊት ሕሙማን የሚመከረው በቀን ከ2 ግራም ያነሰ ሶዲየም ነው። ይህ ወደ 5 ግራም ጨው ይሆናል፤ በዳቦና በታሸጉ ምግቦች ውስጥ ያለውም እዚሁ ላይ ይደመራል። ጨው ሲቀነስ ምግቡ ጣዕም ያጣል፤ ብዙ ሕሙማንም ወደ ቀድሞው የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ነው። የቅመም ቅጠሎች ሶዲየማቸው ከቁጥር የማይገባ በመሆኑ ይህን ጉድለት ይሞላሉ።

የሚጨመሩበት ሰዓት ከዓይነታቸው ይበልጥ ወሳኝ ነው። ሮዝመሪ፣ ጦስኝና የደረቁ ቅጠሎች ጣዕማቸውን የሚለቁት ቀስ እያሉ ስለሆነ ከምግቡ ጋር ቢያንስ 20 ደቂቃ መብሰል አለባቸው፤ መጨረሻ ላይ ከተነሰነሱ ገለባ ገለባ ይላሉ። ትኩስ በሶብላ፣ ናናና የድንብላል ቅጠል ግን የሚገቡት ድስቱ ሊወጣ ሲል ነው። በሶብላ ብዙ ከፈላ ይጠቁራል፣ መዓዛውም ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። 1 የሾርባ ማንኪያ ትኩስ ክትፍ ቅጠል በ1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ ይተካል። ሮዝመሪ ሲበዛ ስለሚመር ለ4 ሰው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ይበቃል።

ቅጠል ብቻውን ግን ጨውን አይተካም፤ ምላስ የሚፈልገውን ስለት የሚሰጠው ኮምጣጣ ነገር ነው። ድስቱ ከወረደ በኋላ ጥቂት ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ ምግቡን ይለውጠዋል። ተዘጋጅቶ ለሚቀመጥ ድብልቅ 2 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ በሶብላ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጦስኝ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የነጭ ሽንኩርት ዱቄትና 1 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ ይቀላቀላሉ። የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ሲገዛ ጨው ያልተቀላቀለበት መሆኑን ማሸጊያው ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። የሾርባ ኩብ አብሮ ከገባ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ አብዛኛው ጨው ነውና።

ከሁሉ የከፋው ስህተት «የጨው ምትክ» የሚባለውን መጠቀም ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ከፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ኩላሊት ያላስወጣው ፖታሲየም ደግሞ የልብ ምትን እስከማቆም ይደርሳል። በማጣፈጫ መጠን ጉዳት የሌለው ቅጠልም ተጨምቆ በብርጭቆ ሲጠጣ ብዙ ፖታሲየም ይሆናል፤ የፓርስሊ ጭማቂ ለዚህ ምሳሌ ነው። ፓርስሊ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ፣ ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች መጠኑን ድንገት መጨመርም መቀነስም የለባቸውም።