የሌጎ ባቡርና የግንብ ሞዴል በወሎ፦ አሠራርና ለዐውደ ርዕይ ማቅረብ

የሌጎ ባቡርና የግንብ ሞዴል ሥራ በትንንሽ የፕላስቲክ ጡቦች ሐዲድ፣ ጣቢያ፣ ተራራና ምሽግ ጠረጴዛ ላይ ገንብቶ ለሕዝብ ማሳየት ነው። አሻንጉሊት ገጣጥሞ መደርደሪያ ላይ ከማስቀመጥ በሁለት ነገር ይለያል። ባቡሩ ተመልካች እያለ ለሰዓታት መሄድ አለበት፤ ሥራው ደግሞ ተፈቶ፣ ተጭኖ፣ ሌላ አዳራሽ ውስጥ በጥቂት ሰዓት ተመልሶ መቆም አለበት። ብልሽቱም የሚመጣው ከእነዚህ ሁለቱ ነው። ጡቡ ራሱ እምብዛም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ጠረጴዛው ነው።

ሌጎ የዴንማርኳ ቢሉንድ ከተማ ምርት ነው። ዛሬ የሚታወቀው ጡብ ፓተንት የተጠየቀበት በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ባቡሩ በ1966፣ የመጀመሪያው ቢጫ ግንብና እጅና እግሩ የሚንቀሳቀሰው ትንሹ የሌጎ ሰው ደግሞ በ1978 ወጡ።

ወሎ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚሆን መነሻ ከውጭ መዋስ አያስፈልግም። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልድያ የተዘረጋው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ አለ፤ መቅደላ አምባ አለ፤ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ደሴ ከተማ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽም እዚያው አለ። የአውሮፓ ግንብ ከነሥዕላዊ መመሪያው በካርቶን ይሸጣል፤ የእኛዎቹ ግን መመሪያ ስለሌላቸው ሠሪው ራሱ መለካትና ማስላት ይጠበቅበታል። ደስ የሚለውም ይኼኛው ነው።

ልክና መጠን

የሌጎ ርዝመት የሚቆጠረው በጡቡ አናት ላይ ባሉት ክብ ጉጦች ነው። ከአንዱ ጉጥ መሐል እስከ ሌላው መሐል 8 ሚሊ ሜትር ነው። የአንድ ጡብ ቁመት 9.6 ሚሊ ሜትር፣ የስሱ ጡብ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሦስት ስስ ጡቦች ቢደራረቡ አንድ ሙሉ ጡብ ያህላሉ። አንድ ቀጥታ ሐዲድ 16 ጉጥ፣ ማለትም 12.8 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ኩርባው ሐዲድ ከክቡ እምብርት እስከ ሐዲዱ መሐል 40 ጉጥ (32 ሳንቲ ሜትር) ሲሆን 16 ኩርባ ገጥሞ አንድ ሙሉ ክብ ይሰጣል።

በሁለቱ የሌጎ ብረቶች መሐል ያለው ክፍተት 37.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የአዋሽ–ወልድያው መስመር እንደ አዲሱ የጅቡቲ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው በሐዲዱ ሲሰላ ልኩ 1 ለ38 ይሆናል፤ ማለትም የሞዴሉ 1 ሳንቲ ሜትር የእውነተኛውን 38 ሳንቲ ሜትር ይወክላል። የሌጎው ሰው ግን ቁመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በእርሱ ሲሰላ ወደ 1 ለ42 ይጠጋል። ልዩነቱ ለዓይን ስለማይጎላ ለሕንፃዎቹ 1 ለ42 ቢያዝ ይበቃል። የማይታረቀው ኩርባው ነው። 32 ሳንቲ ሜትሩ ወደ እውነተኛ መጠን ሲመለስ 12 ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል፤ እውነተኛ ባቡር በዚህ ኩርባ ላይ ሊዞር አይችልም። ስለዚህ ፉርጎዎቹ ከልካቸው አጥረው መሠራት አለባቸው። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር በ1 ለ42 ሲሰላ 36 ጉጥ ይረዝማል፤ በዚህ ርዝመት ቢሠራ ኩርባው ላይ ጫፉ ወጥቶ የጣቢያውን ግድግዳ ይመታል። ከ16 እስከ 20 ጉጥ ቢያጥር አይመታም፤ አይቶ የሚቆጥረውም የለም።

ጠረጴዛው

ባለ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ኮምፔንሳቶ አንድ ቅጠል ይበቃል። ቅጠሉ እንዳለ ከሆነ ግን በደረጃ አይወጣም፣ በሚኒባስ አይገባም። ሦስት ቦታ ይቆረጥ፤ እያንዳንዱ 76.8 በ115.2 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ቁጥሩ የመጣው ከሐዲዱ ነው። 76.8 ሳንቲ ሜትር 96 ጉጥ፣ 115.2 ደግሞ 144 ጉጥ ነው። ባለ 48 በ48 ጉጥ የመሠረት ሰሌዳ በአንዱ ቁራጭ ላይ ስድስት፣ በሦስቱ ላይ አሥራ ስምንት በትክክል ይቀመጣል።

በዚህ ላይ የሚዘረጋው መስመር 16 ኩርባና 30 ቀጥታ ሐዲድ ይፈልጋል፤ በረጅሙ ጎን 12፣ 12፣ በአጭሩ 3፣ 3። ዙሪያው 5.85 ሜትር ሲሆን በአራቱም በኩል ከሐዲዱ ውጭ 4 ጉጥ ብቻ ይተርፋል። ረጅሙ ጎን ላይ ቀጥታው ሐዲድ የሚጀምረው ከጠረጴዛው ጫፍ በ48ኛው ጉጥ ነው። ከዚያ ሦስት ሐዲድ ሲቆጠር 96፣ ዘጠኝ ሲቆጠር 192 ይሆናል፤ ሁለቱም ጠረጴዛው የተቆረጠባቸው ቦታዎች ናቸው። የሐዲዱ መጋጠሚያ በጠረጴዛው መጋጠሚያ ላይ ስለወደቀ ሲፈታ ሐዲድ መንቀል የለም። ይህን ሳያሰላ ጠረጴዛውን በግምት ለሁለት የሚከፍል ሰው አዳራሽ በገባ ቁጥር አራት አምስት ሐዲድ እየነቀለ ይተክላል።

እንጨቱ በሚጋጠምበት ጎን 2 ሚሊ ሜትር ያህል አጥሮ ቢቆረጥ ይሻላል። ክረምት ላይ ኮምፔንሳቶ እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ በልኩ የተቆረጠ ከሆነ ሁለቱ እንጨቶች ተገፋፍተው ሰሌዳዎቹን ያላቅቃሉ። ርቀቱን መወሰን ያለበት ሰሌዳው ነው። ከሥሩ ዙሪያውንና መሐሉን በሞራሌ ማጠናከር የግድ ነው፤ አለዚያ በደሴ ጉምና ብርድ አንድ ሳምንት የተቀመጠ ጠረጴዛ መሐሉ ይጎብጣል። ሁለቱ ቁራጮች በመጋጠሚያው ላይ በብሎን ይታሰሩ። እግሮቹ ሥር የሚሽከረከር ብሎን ቢገባ የአዳራሽ ወለል ቢያዘምም በውሃ ልክ ማስተካከል ይቻላል። በመጋጠሚያ ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ከፍና ዝቅ ፉርጎ ለመጣል በቂ ነው።

ባቡሩን ማንቀሳቀስ

እዚህ የምናነሣው ሁለት ዓይነት ነው። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው የ9 ቮልት ባቡር ኤሌክትሪክ የሚወስደው ከብረት ከተለበጠው ሐዲድ ነው፤ ምርቱ ስለቆመ የሚገኘው ያገለገለው ብቻ ነው። ከ2018 ወዲህ ያለው በብሉቱዝ የሚታዘዝ ሲሆን ስድስት ትንንሽ የሪሞት ባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል። ወሎ ላይ ለሚያሳይ ሰው የሚመረጠው ሁለተኛው ነው፤ መብራት ሲጠፋ ባቡሩ አይቆምም። በሚሞሉ ድንጋዮች ቢሠራ ስድስቱ ሲደመሩ 7.2 ቮልት ስለሚሰጡ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ለዐውደ ርዕይ ግን ዝግ ያለ ባቡር የተሻለ ነው። ለአንድ ባቡር ሁለት ስድስት ድንጋይ ይያዝ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይሞላል። ሁለት ባቡር አዘጋጅቶ በየግማሽ ሰዓቱ ማፈራረቅ ሞተሩንም ያሳርፋል።

ባለ 9 ቮልቱን የያዘ ሰው ከትራንስፎርመሩ ርቆ ባለው ጎን ባቡሩ ሲያዘግም ያያል። በየመጋጠሚያው ጉልበት ይባክናል። መድኃኒቱ ሁለተኛ ሽቦ ወስዶ ከማዶው ጎን ማገናኘት ነው፤ የውስጥ ሐዲድ ከውስጥ፣ የውጭ ከውጭ ጋር። ከተገለበጠ ሾርት ያደርጋል። መስመሩ ዞሮ በመጣበት የሚመለስ ቀለበት ከኖረውም እንዲሁ ሾርት ስለሚያደርግ እዚያ ቦታ ላይ ሐዲዱን በኤሌክትሪክ መለየት ያስፈልጋል።

ፉርጎ ከሐዲድ ሲወጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ቦታው ነው። የተለያዩ ፉርጎዎች በአንድ ቦታ ላይ የሚወድቁ ከሆነ ጥፋቱ የሐዲዱ ነው፤ መጋጠሚያው ተከፍቷል ወይም ጠረጴዛው ጎብጧል። አንዱ ፉርጎ በየቦታው የሚወድቅ ከሆነ ጎማው ላይ ፀጉር ወይም ክር ተጠምጥሟል። ሎኮሞቲቩ ጎማው እየዞረ ወደፊት የማይሄድ ከሆነ የጎማው ላስቲክ አቧራ ይዞታል፤ በአልኮል በረጠበ ጥጥ ይጠረግ። አንድ ሞተር አራት አምስት ቀላል ፉርጎ በምቾት ይጎትታል።

ዳገት የጀማሪ ወጥመድ ነው። በአንድ ሐዲድ ርዝመት አንድ ስስ ጡብ ከፍ ቢባል 2.5 ከመቶ ዳገት ይሆናል፤ ይህን ባቡሩ ይችለዋል። በአንድ ሐዲድ አንድ ሙሉ ጡብ ከተባለ 7.5 ከመቶ ነው፤ ጎማው ይንሸራተታል። አንዱ መስመር በሌላው ላይ በድልድይ እንዲያልፍ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያስፈልጋል፤ በ2.5 ከመቶ ለመውጣት ብቻ 4 ሜትር ይጠይቃል፤ መውረጃው ሌላ 4 ሜትር ነው። ዙሪያው 5.85 ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ይህን አይችልም። ስለዚህ የወሎን ተራራ ለማሳየት ባቡሩን ማውጣት ትቶ ተራራውን በባቡሩ ላይ ማምጣት፣ ማለትም ዋሻ መሥራት ነው። ዋሻው በአንደኛው ጫፍ ኩርባውን ይሸፍን። ባቡር ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ኩርባ ላይ ስለሆነ ክዳኑ የሚነሣ ይሁን፤ ከኋላም እጅ የሚያስገባ 15 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ይተው። የዋሻው አፍ ከመዘጋቱ በፊት ረጅሙ ፉርጎ በእጅ ተገፍቶ ይፈተን።

አምባና ውቅር

መቅደላን በ1 ለ42 ለመሥራት መነሣት የማያልቅ ሥራ ነው። መቶ ሜትር ገደል ብቻ 2.4 ሜትር ቁመት ይወጣዋል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በሩን ብቻ መሥራት ነው፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሰብሮ የገባበትን የድንጋይ በርና አጥር ከነአቀበቱ በሌጎው ሰው ልክ ማቆም። ሁለተኛው አምባውን በሙሉ በጣም አሳንሶ ከጠረጴዛው ጀርባ ማድረግ ነው፤ እዚያ ላይ አንድ ጉጥ አንድ ጎጆ ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ማቀላቀል የሚሠራው መሐላቸው በዛፍ ወይም በገደል ሲለይ ብቻ ነው። የአምባው ሆድ በጡብ አይሞላም፤ ውስጡ የቺፕውድ ሣጥን ወይም የሕፃናቱ ትልቁ ጡብ ዱፕሎ ይሁን። አንድ ዱፕሎ የስምንት ጡብ ቦታ ይይዛል፤ ከተራው ጡብ ጋርም ይገጥማል።

ቤተ ጊዮርጊስ ግን በልኩ ይሠራል። እያንዳንዱ ጎኑም ቁመቱም 12 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ1 ለ42 ወደ 36 ጉጥ ስፋትና 30 ጡብ ቁመት ይሆናል። የመስቀል ቅርጽ ዙሪያው ከውጭ ካሬው ዙሪያ ጋር እኩል ነው፤ 144 ጉጥ። ግድግዳው ሁለት ጉጥ ከወፈረ በአንድ ረድፍ ባለ 2 በ4 ጡብ 34፣ በ30 ረድፍ 1,020 ይፈጃል። ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉት ሦስት መስቀሎች ጉጥ በሌለው ልሙጥ ጡብ ይሠሩ፤ ተመልካች መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያውን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቤተ ክርስቲያኑን ጠረጴዛ ላይ ያቆመዋል። የሚያስደንቀው ግን አናቱ ከመሬት ጋር እኩል መሆኑ ነው። ዙሪያውን በጡብ 30 ረድፍ ከፍ ማድረግ ሺሕ በሺሕ ጡብ ይበላል። የሚበጀው ከመካከለኛው ቁራጭ ላይ 51 በ51 ሳንቲ ሜትር (64 ጉጥ) ቆርጦ ማውጣትና ሕንፃውን 29 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች በተንጠለጠለ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ቀዳዳው መጋጠሚያውን እንዳይነካ፤ ሞራሌውም ዙሪያውን ይያዘው። የመሐሉ ሞራሌ እዚህ ላይ መቋረጡ ስለማይቀር ሳጥኑ ራሱ እንደ ማጠናከሪያ ሆኖ ይሠራ። ጠረጴዛው 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል የጉድጓዱ ወለል በ61 ላይ ይሆናል። አዋቂ ከላይ ያየዋል፤ ለሕፃናት አንድ መርገጫ ይቀመጥ።

ቀለሙ ያስቸግራል፤ ጥቁር ቀይ ጡብ ውድ ነው። ከቻይና የመጣው ተመሳሳይ ጡብ ርካሽ ነው፤ በግድግዳ ሆድ ውስጥ ቢገባም አይታይም። ነገር ግን ልኩ የ0.05 ሚሊ ሜትር ብልጫ ካለው 24 ጡብ ሲደረደር 1.2 ሚሊ ሜትር ስለሚያድግ ግድግዳው ከሰሌዳው ይነሣል። ስለዚህ አንድ ረድፍ ከዚያው ሳጥን ብቻ ይሠራ፤ በየስምንት ጡቡም ይለካ። ጎማ፣ ማያያዣና መጋጠሚያ ላይ ግን ዋናው ይግባ።

አዳራሽ ላይ

ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የሚወርድ ሞዴል ማማውን እንደተሸከመ አይጓዝም። ጡብ ወደ ላይ ሲጎተት ይይዛል፤ በንቅናቄ ግን ቀስ በቀስ ይለቃል። ማማ፣ ዛፍ፣ ሰውና ሚናሬት ተነቅለው በስፖንጅ ይታሸጉ፤ የተነቀለበት ቦታ በቁጥር ይታወቅ። ሙጫ ለማንኛውም አይነካም። ሙጫ የነካው ክፍል ሲሰበር አይጠገንም።

ነጭና ሰማያዊ ጡብ ፀሐይ ሲመታው ወደ ቢጫ ስለሚለወጥ ጠረጴዛው ከመስኮት ይራቅ። ከበርም ይራቅ፤ የኮምቦልቻ አቧራ ባቡሩን በግማሽ ቀን ያዘገየዋል። ተመልካቹን የሚከለክለው ገመድ ከጠረጴዛው 70 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከዚህ ካነሰ ሕፃን እጁ ይደርሳል፤ ከበዛ ቤተ ጊዮርጊስ አይታይም። ለሕፃናት ሌላ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ልቅ ጡብ ቢፈስስላቸው ገመዱን አይገፉም። ቡና የሚፈላ ከሆነ ማዶ ጥግ ላይ ይሁን፤ ፈንዲሻ ሐዲድ ላይ ሲገባ ባቡሩን እንደ ድንጋይ ይጥለዋል። ቢያንስ ሁለት ሰው ይቁም፤ አንዱ ባቡሩን ሲያይ ሌላው ጥያቄ ይመልሳል።

ከተነሣ በኋላ አቧራ የያዘው ጡብ ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና ይታጠባል፤ ውሃው ከ40 ዲግሪ አይብለጥ። ሞተርና የባትሪ ሳጥን ውሃ አይነካቸውም፤ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋሉ። ጡቡ ጥላ ሥር በጨርቅ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ውስጡ ውሃ የቋጠረ ጡብ ሳይደርቅ ካርቶን ውስጥ ከገባ ይሸታል። ድንጋዮቹም ከባቡሩ ወጥተው ለብቻቸው ይቀመጡ፤ ክረምቱን ውስጡ የከረመ ድንጋይ ፈሳሹ ወጥቶ መገናኛውን ይበላዋል።