ኪፕ፦ ከአምስተኛ ክፍል የጀመረው የከተማ ትምህርት ቤት

ቻርተር ትምህርት ቤት ሲባል ብዙ ሰው የግል ይመስለዋል። አይደለም። ክፍያ የለውም፤ ገንዘቡ ከመንግሥት ነው። መምህር መቅጠሩና የትምህርት ሰዓት ማውጣቱ ግን ለራሱ የተተወ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን የፈቀደው የመጀመሪያው ሕግ በ1991 በሚኒሶታ ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

ከቻርተሮቹ ስሙ የገነነው ኪፕ (KIPP) የተባለው የትምህርት ቤቶች ስብስብ ነው። በ1994 ሂውስተን ላይ ሁለት ወጣት መምህራን የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ይዘው ጀመሩት። በዓመቱ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ገባ። ተማሪዎቹ በአብዛኛው የድሃ ሰፈር ጥቁርና ላቲኖ ልጆች ናቸው፤ የሚማሩትም ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ነበር።

ዋናው ዘዴ ጊዜ ነው። ልጆቹ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1፡30 ገብተው 11 ሰዓት ይወጡ ነበር። አንዳንድ ቅዳሜም ነበረ፤ ከክረምቱም ይቆረስ ነበር። ማታ የቤት ሥራ የከበደው ልጅ መምህሩ ሞባይል ላይ ይደውል ነበር። መምህራኑ ቶሎ ቢደክሙ ማን ይፈርድባቸዋል?

ውጤቱስ? ማቴማቲካ የተባለ የጥናት ድርጅት በ2013 ያወጣው ጥናት 43 የኪፕ መካከለኛ ትምህርት ቤቶችን ፈተሸ። ተማሪዎቹ በሦስት ዓመት ውስጥ በሒሳብ ከአቻዎቻቸው የ11 ወር ያህል ትምህርት ቀድመው ተገኙ። «ጎበዙን መርጠው እየወሰዱ ነው» የሚለው ሐሜት እንዳይነሳ፣ በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ዕጣ የወጣላቸው ካልወጣላቸው ጋር ተነጻጽረዋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ኪፕ ራሱ በ2011 ያወጣው ቁጥር ነው። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የአራት ዓመት ኮሌጅ የጨረሱት 33 በመቶ ነበሩ። ከድሃ ቤተሰብ ልጆች በጠቅላላው ሲታይ በጣም ከፍ ያለ ነው፤ መሥራቾቹ ካለሙት 75 በመቶ ግን ከግማሽ በታች። ከመካከለኛው ሌላ ከታች አንደኛ ደረጃ፣ ከላይ ሁለተኛ ደረጃም ጨምረዋል። ኮሌጅ የገባውንም የሚከታተል ሰው መድበዋል።

ሕንፃ ሁሌም ራስ ምታት ነው። የዋሽንግተን ዲሲው ኪፕ በ2001 ሲከፈት መጠለያው አናኮስቲያ ሰፈር ያለ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነበር። ዛሬ ከተማዋ ለቻርተሮች በተማሪ ቁጥር ልክ የሕንፃ ገንዘብ ለብቻ ትመድባለች።

እዚያ ላላችሁ ወላጆች፦ መግቢያው በጋራ ዕጣ ነው። በአንድ ማመልከቻ እስከ 12 ትምህርት ቤት ይመረጣል፤ እዚያው የሚማር ወንድም ወይም እህት ያለው ቅድሚያ ያገኛል። በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ አማርኛንም ስለሚሸፍን፣ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው።