እውነት ግማሹን ዓመት የምንሠራው ለመንግሥት ነው?

ደመወዝ በገባ ቁጥር የማትቀር ወሬ አለች፦ "ግማሹን ዓመት የምንለፋው ለመንግሥት ነው።" እኔም እል ነበር። አንድ ቀን ግን ተናድጄ ካልኩሌተር አወጣሁ።

"እኔ 35 ፐርሰንት ከፋይ ነኝ።" አይደለህም። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው የደመወዝ ግብር የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም። ከዚያ እስከ 4,000 ባለው ላይ 15፣ እስከ 7,000 ባለው 20፣ እስከ 10,000 ባለው 25፣ እስከ 14,000 ባለው 30 ፐርሰንት ይቆረጣል። 35 የሚያርፈው ከ14,000 በላይ ባለችው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ደመወዙ 20,000 የሆነ ሰው የሚከፍለው 7,000 ሳይሆን 4,950 ብር ነው፣ ሩብ እንኳን አይሞላም። ወደ ቀን ሲመነዘር 90 ቀን ገደማ፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። ታኅሣሥ 1 ለራሱ መሥራት ይጀምራል። (ጳጉሜን በነጻ የሚሠራ ካለ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።)

"ጭማሪው ላይኛው እርከን ውስጥ ከከተተኝ ይቅርብኝ።" ይህንን የሰማሁት ከሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ አልቀለድኩም! ከ13,900 ወደ 14,100 ብታድግ ከ200 ብሩ ግብር የሚወስደው 65 ብር ነው። ጭማሪህን ተቀበል።

"ጡረታውም ያው ግብር ነው።" ከደመወዝህ 7 ፐርሰንት ይቆረጣል፣ አሠሪህ 11 ይጨምርበታል፣ የሚገባውም ጡረታ ፈንድ ነው። የ20,000 ብሩ ሰው እጁ የሚገባው 13,650 መሆኑ ያናድዳል፣ ይገባኛል። ግን 1,400ው ጡረታ ነው፣ ግብር ብለህ አትቁጠረው።

"እሺ፣ ኅዳር ሲያልቅ አለቀ።" እዚህ ጋ ደግሞ በተቃራኒው እንሸወዳለን። ካፌ ገብተህ 115 ብር ከፍለህ ደረሰኙን ገልብጠህ ብታየው 15ቱ ብር ቫት ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቫት የለበትም፣ ሌላው ወጪህ እንደ አኗኗርህ ነው። ያ ሰውዬ በወር 5,750 ብር ቫት ላለበት ዕቃ ቢያወጣ 750 ብር ሄደ ማለት ነው፣ በዓመት ሌላ 14 ቀን። ደመወዙ 2,000 የማይሞላውም ሰው ከዚህኛው አያመልጥም።

"አሜሪካ ያሉትማ እስከ ሚያዝያ ድረስ ለመንግሥት ነው።" ይህቺ የመጣችው ታክስ ፋውንዴሽን የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ያወጣ ከነበረው ስሌት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ቀኑን አፕሪል 16 ብሎት ነበር፣ 105 ቀን። ግን የአገሪቱን ግብር ሁሉ ለጠቅላላው ገቢ አካፍሎ የተገኘ አማካይ ነው፣ የባለሀብቱና የኩባንያው ግብር ሁሉ አለበት። ታክሲ የሚነዳው ያገርህ ልጅ ቀን እሱ አይደለም።

"ዓረብ አገር ግብር የለም።" ዱባይና ሪያድ ከደመወዝ ላይ ግብር አይቆረጥም፣ ልክ ነው። ዱባይ ግን 5 ፐርሰንት ቫት አለ። ሪያድ ያለችው እህትህ ደግሞ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሱቅ በገባች ቁጥር 15 ፐርሰንት ትከፍላለች፣ አዲስ አበባ አንተ ከምትከፍለው እኩል።