መሣሪያ የሰጠ ሁሉ ይጠየቃል?
ደሴ ላይ ቡና በተፈላ ቁጥር ይቺ ጥያቄ ትነሳለች። የውጭ ጦር ያስታጠቀው የአገሬው ታጣቂ ሰላማዊ ሰው ቢገድል፣ አስታጣቂው ይጠየቃል?

አይሱዙ አስቡ። ባለቤቱ ነዳጅ ሞልቶ ሰጠ፤ ሾፌሩ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሰው ገጨ። ባለቤቱ ጋቢና ተቀምጦ «ርገጠው!» ሲል ከነበረ ጥፋቱ የሱም ነው። ነዳጅ መሙላቱ ብቻ ግን ገጪ አያደርገውም።

ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 በኒካራጓ ጉዳይ ያለው ይህንኑ ነው። ኮንትራዎች፣ ማለትም አሜሪካ ያስታጠቀቻቸው የኒካራጓ መንግሥት ተቃዋሚ ታጣቂዎች፣ ለፈጸሙት በደል አሜሪካ እንድትጠየቅ፣ በደሉ የተፈጸመበትን ዘመቻ ራሷ መቆጣጠሯ መታየት አለበት አለ። ነጻ ወጣች ግን አትበሉ! ማስታጠቋና ማሰልጠኗ ለብቻው ሕግ መጣስ ነው ተብላለች።

የሚያከራክረው የቁጥጥሩ ልክ ነው፤ በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የተፈጸሙ የጦር ወንጀሎችን የዳኘው ዓለም አቀፍ ችሎት እ.ኤ.አ. በ1999 መለኪያውን ላላ አድርጎታል። ከዚህ በተጨማሪ እ.ኤ.አ. የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች አሉ፤ የጦርነት ሕጉን ማክበር ብቻ ሳይሆን ማስከበርም ግዴታ ነው ይላሉ። ሾፌሩ ጠጥቶ እንደሚነዳ እያወቁ ቁልፍ ማቀበል አይቻልም።