የተማሪ ዕድገት ክትትል ምንድን ነው?

ደሴ ላይ ካርድ በሚታደልበት ቀን ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣ?» ብሎ ነው። ልዩ ፍላጎት ላለው ልጅ መልሱ ብዙም አይጠቅምም። ከ60 ተማሪ 58ኛ የወጣ ልጅ ከመስከረም ወዲህ ብዙ ለውጦ ሊሆን ይችላል። ምንም ሳይለውጥም 58ኛ ሊወጣ ይችላል። ካርዱ ሁለቱን አይለይም።

የዕድገት ክትትል የሚያየው ልጁን ከራሱ ጋር ነው። በዚህ አይነት ማስተማር ወደ ፊት እየሄደ ነው ወይ? ካልሄደ መምህሯ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ አትጠብቅም፤ አሁኑኑ አቀራረቧን ትቀይራለች። የሚመዘነው ልጁ ቢሆንም የሚገመገመው ማስተማሩ ነው። ለኔ የሐሳቡ ፍሬ እዚህ ላይ ነው።

ብዙ የተሠራበትን ዘዴ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ ስታንሊ ዴኖና ፊሊስ ሚርኪን ለልዩ ትምህርት መምህራን ብለው ጀመሩት። አሠራሩ ቀላል ነው። ልጁ በደረጃው የተመረጠ፣ ከዚህ በፊት ያላየውን ምንባብ ጮክ ብሎ ለአንድ ደቂቃ ያነባል። መምህሯ በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ትቆጥራለች። በሳምንቱ ሌላ ምንባብ ይሰጠዋል፤ ክብደቱ ግን ያው መሆን አለበት። ሲደናቀፍ «አበሽር» ብሎ ማበረታታት ይቻላል። ሦስት ሰከንድ ከቆመ ቃሉ ይነገረዋል፤ ያ ቃል ግን ስህተት ሆኖ ይቆጠራል።

ቁጥሩ ግራፍ ላይ ይሰፍራል። ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ስኩዌር ደብተርና እርሳስ ይበቃል፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ እናስብ። ሦስት ጊዜ ተለክቶ 9፣ 12 እና 14 ቃል አነበበ። መሃለኛው 12 መነሻው ይሆናል። በ16 ሳምንት 28 እንዲደርስ ታቀደ እንበል። ከ12 እስከ 28 መስመር ይሰመርና በየሳምንቱ ነጥብ ይደረጋል። አራት ተከታታይ ነጥቦች ከመስመሩ በታች ከዋሉ ማስተማሩ ይቀየር። አራቱም ከላይ ከሆኑ ግቡ ከፍ ይበል።

ምን ይቀየር? ይህን ግራፉ አይናገርም፤ የስህተቶቹን ዓይነት ማየት ያስፈልጋል። ልጁ «ቤት»ን «ቢት»፣ «ሴት»ን «ሲት» እያለ ካነበበ ችግሩ ሣልስና ኃምስ መለየት ላይ ነው። እዚህ ላይ ያንኑ ምንባብ አሥር ጊዜ ማስነበብ ድካም ብቻ ነው። ቢና ቤን፣ ሲና ሴን፣ ኪና ኬን ጎን ለጎን አድርጎ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ መሥራት ይሻላል። ለውጡ በተጀመረበት ሳምንት ግራፉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ያኔ ይነጻጸራል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ለእንግሊዝኛ የወጣውን የደቂቃ ልክ ወደ አማርኛ መገልበጥ አይሆንም። «አልመጣችም» ለኛ አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ይህን ለመግለጽ ሦስት ቃል ይፈልጋል። ግቡን ከዚያው ክፍል ልጆች ንባብ ተነስቶ ማውጣት ያዋጣል።

«ተከታታይ ምዘና አለን እኮ» የሚል መምህር አይጠፋም። አለ። ግን ብዙ ጊዜ ከ5፣ ከ10 ተይዞ ሮስተር ላይ ይደመርና እዚያው ይቀራል። ፈተናዎቹም በየጊዜው በተለያየ ትምህርት ላይ ስለሆኑ የጥቅምቱን ከታኅሣሡ ጋር ማወዳደር አይቻልም። የልዩ ትምህርት ተመራማሪዎቹ ሊንና ዳግላስ ፉክስ በ1986 (እ.ኤ.አ.) በእንዲህ ዓይነት ክትትል ላይ የተሠሩ 21 ጥናቶችን አሰባስበው ሲያዩ፣ ውጤቱ ጎልቶ የተገኘው መምህራኑ ቁጥሩን በግራፍ ሲያሰፍሩና በምን ጊዜ ምን እንደሚወስኑ አስቀድመው ደንብ ሲያወጡ ነው። 60 ተማሪ ላላት መምህርት ሁሉንም በየሳምንቱ መለካት ዘበት ነው። ለአራት ለአምስት ልጆች ግን ይቻላል።

ለኛ አካባቢ ሌላም ጥቅም አለው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ትምህርት ተቋርጦ ነበር። በትምህርት መቋረጥ ወደ ኋላ የቀረ ልጅና የመማር ችግር ያለበት ልጅ በአንድ ቀን ፈተና አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። ተመሳሳይ እገዛ ሲሰጣቸው ግን የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ሽቅብ ይወጣል፤ የሁለተኛው ግራፍ ይንፏቀቃል። በአንድ ፈተና ብቻ «ይህ ልጅ ችግር አለበት» ማለት ለዚህ ነው የሚያሳስተው።

ክትትሉ ለንባብ ብቻ አይደለም። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለበት ልጅ ሥራው በእርምጃ ይከፋፈላል። ዳቦ ገዝቶ መምጣትን እንውሰድ፦ ብሩን መያዝ፣ አስፋልቱን መሻገር፣ «ዳቦ ስጠኝ» ማለት፣ መልስ መቀበል፣ መልሱን መቁጠር። በእያንዳንዱ ላይ ብቻውን አደረገው፣ ተነግሮት አደረገው፣ ወይስ እጁን ተይዞ? ይህን እናቱም ቤት ሆና ምልክት ልታደርግበት ትችላለች። አራቱን እርምጃ ይዞ መልስ መቁጠሩ ላይ ለሳምንታት ከቆመ፣ የቀጣዩ ሳምንት ትምህርት በሳንቲምና በድፍን ብር መልስ መቁጠር ብቻ ይሆናል።