የአውሮፕላን የነዳጅ ታንክ ፍተሻ ምንድን ነው?

ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር የጭነት መኪና ሳልባትዮ፣ ማለትም የነዳጅ ታንክ፣ የሚበይዱ አንድ አዛውንት ነበሩ። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራቸውን ቆሜ አየሁ። የተቀደደውን ሳልባትዮ ፈትተው አወረዱ፤ ነዳጁን እስከ ጠብታው ቀዱት። አሁን ብየዳውን ይጀምራሉ ብዬ ስጠብቅ በባልዲ ውኃ እያመላለሱ ይሞሉት ጀመር። ከውኃው በላይ የቀረችው የተቀደደችው ጎን ብቻ ነበረች። «ጋሼ፣ ባዶ አይደል እንዴ? ውኃው ለምንድን ነው?» አልኳቸው። «የሚገድለው ባዶው ነው፣ ልጄ» አሉኝና መነጽራቸውን አጠለቁ።

የአውሮፕላን የነዳጅ ታንክ ፍተሻን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም። ፍተሻው በታንኩ ውስጥ ያለው የነዳጅ ትነት ከእሳት ብልጭታ ጋር ፈጽሞ እንዳይገናኝ የሚደረግ ሥራ ነው። ባለሙያው ሽቦውን፣ ፓምፑን፣ ቡሎኑን፣ መተንፈሻ ቱቦውን አንድ በአንድ እያየ፣ ብልጭታ ሊወለድበት የሚችለውን ቦታ ሁሉ ይዘጋል።

ጄት ኤ-1 የሚባለው የአውሮፕላን ነዳጅ የላምባ ዘመድ ነው። በኩራዝ ብርሃን ያጠና ሰው ጠባዩን ያውቀዋል፤ እሳቱ ክሩ ጫፍ ላይ ይነዳል እንጂ ከታች ያለው ላምባ ዝም ብሎ ተቀምጧል። የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ከእርሱ የሚነሳው ትነት ነው፤ እርሱም ከአየር ጋር በልኩ ሲደባለቅ ብቻ። ጄት ኤ-1 በባሕር ጠለል ደረጃ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት እንዲሰጥ ቢያንስ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል መሞቅ አለበት። ከፍታ ሲጨምር ግን የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ትነቱም ይቀለዋል። አዘዞ ላይ ያለው የአጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ያው ነዳጅ እዚያ በጥቂት ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ለእሳት ይዘጋጃል። ሙሉ ታንክ ለትነት የሚተወው ቦታ ትንሽ ነው። ጥቂት ሊትር ብቻ የቀረበት ታንክ ግን የበያጁ ባዶ ሳልባትዮ ነው።

ዓለም ይህን የተማረበት ዋጋ ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1996 ከኒው ዮርክ ወደ ፓሪስ የተነሳው የአሜሪካው አየር መንገድ የቲ.ደብሊው.ኤ. በረራ 800 በተነሳ በ12 ደቂቃ ውስጥ አየር ላይ ፈነዳ፤ የተሳፈሩት 230 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 747 ነበር። በክንፎቹ መካከል፣ በሆዱ ውስጥ ያለው ትልቅ ታንክ ባዶ ለመባል ጥቂት የቀረው ነበር፤ ከታንኩ ሥር ደግሞ የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያዎች አሉ። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲጠብቅ እነርሱ ሲሠሩ ቆዩ፤ ሙቀታቸውም ወደ ላይ ወጥቶ የተረፈውን ነዳጅ አተነነው። መርማሪዎቹ ብልጭታው ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት መናገር አልቻሉም። ይበልጥ የሚሆነው ግን ከታንኩ ውጪ የተነካኩ ሽቦዎች ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ በነዳጅ መለኪያው ሽቦ በኩል ወደ ውስጥ ማስገባታቸው ነው ብለው ደመደሙ።

ለዚህ የሚበቃው ብልጭታ ምን ያህል ነው? 0.2 ሚሊጁል ገደማ። በደረቅ አየር ሹራብ ስናወልቅ ጣታችንን ቆንጠጥ የሚያደርገን ብልጭታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳውቅ ደነገጥሁ። ፈታሹ የሚፈልገው ጠላት በዓይን የማይታይ ያህል ትንሽ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ፍተሻው የሚያተኩረው በጥቃቅኑ ላይ ነው። የሽቦው ሽፋን ከብረት ጋር ሲፋተግ ተልጦ እንደሆነ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ብዙ ሰዓት የበረሩ ቦይንግ 737ዎች እንዲፈተሹ ያዘዘው፣ በታንኩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ወደ ፓምፑ የሚሄዱት ሽቦዎች ሽፋናቸው ተበልቶ ስለተገኘ ነው። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ነዳጁ በመሆኑ ደርቆ እንዳይሠራ መቆጣጠሪያው ይሞከራል። የብረት ክፍሎችን እርስ በርስ የሚያገናኙት አጫጭር ሽቦዎች ከላሉ በመካከላቸው ብልጭታ ሊዘል ይችላል፤ ስለዚህ በስስ መለኪያ ይለካሉ። ክንፉን በስቶ የሚገባ ቡሎን በማሸጊያ ካልተሸፈነ የመብረቅ ጉልበት በእርሱ በኩል ሊገባ ይችላል፤ ሽፋኑ ተሰንጥቆ እንደሆነም ይታያል። ዕቃ የምናጥብበትን ዓይነት የብረት ሽቦ ወደ ታንክ ማስገባትማ ክልክል ነው፤ ከእርሱ የምትረግፍ አንዲት ክር የመለኪያውን ሁለት ጫፎች ልታገናኝ ትችላለች።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ግን የተበላሸውን ማግኘት አይመስለኝም፤ ደህና የነበረውን ሳያበላሹ መውጣት ነው። ከ1996ቱ አደጋ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የአሜሪካ ደንብ አምራቾች የእያንዳንዱን አውሮፕላን የታንክ ሥርዓት እንደገና እንዲመረምሩ አስገደደ። ከዚያም መካኒኩ በራሱ ፈቃድ ሊለውጣቸው የማይችላቸው ነገሮች ተለይተው ተጻፉ፤ ሁለት ሽቦዎች ምን ያህል ተራርቀው እንደሚታሰሩ፣ በምን ዓይነት ማሰሪያ እንደሚያዙ፣ የትኛው ሽፋን እንዳይነሳ። ለሌላ ጥገና የገባ ሰው መንገድ ዘግታበታለች ብሎ አንዲት ማሰሪያ ቢያነሳ፣ የዓመታት ጥበቃ በዚያች ደቂቃ ይፈርሳል።

ታንክ ውስጥ መግባት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ነዳጁ ይቀዳል፤ ክዳኖቹ ይከፈታሉ፤ በአየር ማንፊያ ለረጅም ሰዓት ይናፈሳል። ሰው ከመግባቱ በፊት ትነቱም ኦክስጅኑም በመሣሪያ ይለካሉ። የሚገባው ሰው የጥጥ ልብስ ይለብሳል፤ ስልክ አይዝም፤ መብራቱም ብልጭታ የማያወጣ ልዩ መብራት ነው። ደረቱን በጠባቡ ቀዳዳ አሹልኮ በክንፉ ውስጥ ባሉት የብረት ክፍልፋዮች መካከል በሆዱ ይሳባል። አንድ ሰው ደግሞ ከውጪ ቆሞ ድምፁን ይከታተላል፤ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

የበያጁ ውኃም በአውሮፕላኑ ዘንድ አቻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሌላ የአሜሪካ ደንብ ታንካቸው ለሙቀት የተጋለጠ አውሮፕላኖች ትነቱን የሚያደክም ዘዴ እንዲኖራቸው ጠየቀ። የተለመደው ዘዴ ከአየር ውስጥ ኦክስጅንን አጣርቶ፣ ናይትሮጅን የበዛበትን አየር ወደ ታንኩ መላክ ነው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ በታንኩ ውስጥ ከ12 በመቶ በታች ሲወርድ ብልጭታ ቢመጣ እንኳን እሳቱ አይይዝም። ቦይንግ 787 ሲሠራ ጀምሮ ይህ መሣሪያ አለው። ነገር ግን አውሮፕላኑን የሚያድነው ናይትሮጅን ሳይናፈስ የገባን ሰው ያፍናል። ኦክስጅን የሚለካው ለዚህ ጭምር ነው።

ወደ ጎንደር የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ነዳጁን የሚይዘው በክንፎቹ ውስጥ ነው። ክንፍ ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ በሆድ ውስጥ ካለ ታንክ ይልቅ ስጋቱ ይቀንሳል። ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚበር ሰው በመስኮት ሲያይ መካኒኩ ከክንፉ ሥር ቀና ብሎ ቢያገኘው፣ የነዳጅ እርጥበት ፈልጎ ሊሆን ይችላል። ነዳጅ ሲሞላም ከቱቦው በፊት አንዲት ሽቦ አውሮፕላኑንና የነዳጅ መኪናውን ታገናኛለች፤ ነዳጁ ሲፈስ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ በእርስዋ በኩል ሳይዘል እንዲያልፍ።

ታንክ የሚከፈትበት ትልቁ ፍተሻ ግን በጥገና ሃንጋር ውስጥ ነው የሚሠራው። ሥራው ሲያልቅ የገባው መፍቻ ሁሉ ተቆጥሮ ይወጣል፤ ጨርቁም ይቆጠራል። አንድ እንኳን ከጎደለ ክዳኑ አይዘጋም፤ ሰውየው ተመልሶ በሆዱ ይገባል።