ውፍረት፣ ዘር እና ሊምፎማ፦ ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለበዓል ከከተማ የገባ ሰው ቦርጭ አውጥቶ ከታየ «ደልቶሃል፣ ተመስገን ነው» ይባላል። ከስቶ ከመጣ ግን እናት ትደነግጣለች። «ምን አገኘህ ልጄ?» ክሳት የበሽታ፣ ውፍረት የጤና ምልክት ሆኖ ኖሯል። ሊምፎማ የሚባለው ካንሰር ላይ ይህ ልማድ ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ስህተት። ክሳቱ እውነትም የበሽታው ምልክት ሊሆን ይችላል። ለዓመታት የተሸከሙት ውፍረት ደግሞ በሽታውን ከሚያግዙት ነገሮች አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ሊምፎማ የሚነሳው ሊምፎሳይት ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ነው። እነዚህ የሰውነት ዘበኞች ናቸው። አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ባሉት የሊምፍ እጢዎች፣ በጣፊያና በአጥንት መቅኔ ውስጥ ይቀመጣሉ። እጢዎቹን የማያውቅ የለም። እግሩን እሾህ ወግቶት ያመረቀዘ እረኛ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ይወጣበታል። ዘበኞቹ ጠላት ላይ ሲረባረቡ ነው እጢው የሚያብጠው። ቁስሉ ሲሽር ንፍፊቱም ይከስማል። በሊምፎማ ጊዜ ግን አንዱ ዘበኛ ልጓሙን ይበጥሳል። ጠላት በሌለበት መባዛቱን ይቀጥላል። እጢው አይከስምም። ብዙ ጊዜም አያምም፤ ሰው ሳይታከም የሚቆየው አንድም በዚህ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሆጅኪን ያበጡ እጢዎችንና ጣፊያን መርምሮ በሽታውን የገለጸው በ1832 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ሊምፎማ በስሙ «ሆጅኪን» እና «ሆጅኪን ያልሆነ» ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ሁለተኛው የስንፍና ስም ነው፤ ጠባያቸው የማይመሳሰል በደርዘን የሚቆጠሩ በሽታዎችን አንድ ጆንያ ውስጥ ከትቷል። ከጆንያው ሲሶ ገደማ የሚይዘው «ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል ሊምፎማ» ነው። ፈጣን ነው፣ ግን ከታከመ ሊድን ይችላል። ከውፍረት ጋር ስሙ ይበልጥ የሚነሳውም እሱ ነው። ቀስ ብሎ የሚያድገው ፎሊኩላር ሊምፎማ ላይ ግን የውፍረት ግንኙነት ደከም ይላል።

ውፍረት እዚህ ላይ በዓይን የሚገመት አይደለም። ክብደትን በኪሎ ወስዶ፣ ቁመትን በሜትር ራሱን በራሱ አባዝቶ ማካፈል ነው። ውጤቱ 25 ከደረሰ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 ከደረሰ ውፍረት ይባላል። ቁመቷ 1.65 ሜትር የሆነች የደብረ ብርሃን ሴት 68 ኪሎ ስትሆን 25 ላይ ናት። 82 ኪሎ ስትገባ 30 ታልፋለች። ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ እንዲህ ያለ የ5 ነጥብ ጭማሪ የዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴልን ዕድል ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል። ይህ ቁጥር ሰውን ማስደንገጥ የለበትም። ከአንድ ትልቅ ሕዝብ 10 ሰው ይታመም ከነበረ፣ ሁሉም በዚያ ልክ ቢወፍር 11 ሰው ገደማ ይታመማል እንደማለት ነው። ለአንድ ሰው ትንሽ ነገር ነው። ለአገር ሲሆን ግን ይደመራል።

በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የሰበሰባቸው ባለሙያዎች ውፍረትን ከ13 የካንሰር ዓይነቶች ጋር የሚያያይዝ በቂ ማስረጃ አለ ብለዋል። የሊምፎማ ዘመድ የሆነው፣ መቅኔ ውስጥ የሚነሳው መልቲፕል ማይሎማ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል ግን «ማስረጃው ውስን ነው» ከተባሉት ተርታ ቀርቷል። ስለዚህ «ውፍረት ሊምፎማ ያመጣል» ብሎ በጅምላ መናገር ከማስረጃው ቀድሞ መሮጥ ነው።

ማስረጃውን ከሚያደናግሩት ነገሮች አንዱ የእናቲቱ ድንጋጤ ራሱ ነው። ሊምፎማ ያከሳል። በስድስት ወር ውስጥ ከክብደት 10 በመቶው ያለ ምክንያት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ ሐኪሞች አንድ ላይ የሚጠይቋቸው ምልክቶች ናቸው። እንግዲህ ታማሚን በምርመራው ሰሞን ብትመዝነው ከስቶ ታገኘዋለህ። ውፍረት እንዲያውም የሚከላከል ይመስልሃል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች «በ20ዎቹ ዕድሜህ ስንት ኪሎ ነበርክ?» ብለው የሚጠይቁት። የወጣትነት ክብደት ከበሽታው ጋር ይበልጥ ሲያያዝ የታየውም በዚህ መንገድ ነው። እኛ ዘንድ ይህን ጥያቄ ማን ይመልሳል የሚለው ሌላ ጣጣ ነው። ሚዛን ላይ የምንወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከታመምን በኋላ ነው።

ስብ እንዴት ከነጭ የደም ሴል ጋር ይገናኛል? ስብ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ስንቅ ብቻ አይደለም። ሆርሞን ያመነጫል። በ1994 እ.ኤ.አ. የተገኘው ሌፕቲን አንዱ ነው። አእምሮን «ጠገብኩ» ይለዋል፤ ሊምፎሳይቶችን ደግሞ ያነቃቃል። ቦርጭ ሲበዛ ሰውነት ውስጥ ቲኤንኤፍ እና ኢንተርሉኪን-6 የሚባሉ የመቆጣት ኬሚካሎች ከፍ ይላሉ። ኢንሱሊንም እንዲሁ። ቁስል የለም፣ ተዋስያን የለም፣ ግን ሰውነት በስሱ እንደተቆጣ ይውላል። ዘበኞቹ ያለ ሥራ ይቀሰቀሳሉ፣ ይባዛሉ። ሴል በተባዛ ቁጥር ደግሞ የመሳሳት ዕድሉ ይጨምራል።

አሁን ወደ ዘር እንምጣ። «ዘሩ ነው» የሚለው ቃል በእኛ አገር ከባድ ነው። ጋብቻ ያስቀራል። ስለዚህ ነገሩን ረጋ ብሎ ማየት ይጠይቃል። ሊምፎማ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። የሚወረሰው ተጋላጭነት ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ሆጅኪን ያልሆነ ሊምፎማ ይዞት ከነበረ የሰውየው ዕድል ወደ 1.7 እጥፍ ይደርሳል። በሆጅኪን ወደ 3 እጥፍ ነው። ከሊምፎማ ጋር በሚመደበው ሥር የሰደደ የሊምፎሳይት ሉኪሚያ ላይ ግን ወደ 8 እጥፍ ይወጣል። መነሻው በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ 1.7 እጥፉም ትንሽ ነው። አብዛኛው የታማሚ ዘመድ ዕድሜውን ሙሉ አይታመምም።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደጋ ላይ ዝሆኔ የሚባለው የእግር ማበጥ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንዱ ዓይነት ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረገጥ ጥቃቅን የአፈር ቅንጣት የሊምፍ መተላለፊያዎችን ያበላሻል። ሰው ሁሉ አንድ አፈር ረግጦ ለምን አንዱ ብቻ ያብጣል? በ2012 እ.ኤ.አ. በወላይታ ታማሚዎችና ጤነኞች ላይ የተሠራ ጥናት መልሱን ስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ፣ ኤችኤልኤ በሚባለው ሰፈር አገኘው። ዘሩ ያለ አፈሩ አያሳብጥም። ጫማ ያደረገ ሰው ዘሩን እንደያዘ በሰላም ይኖራል።

የሚገርመው፣ ከፎሊኩላር ሊምፎማ ጋር ጎልቶ የሚያያዘው የዘረመል ልዩነትም እዚያው ኤችኤልኤ ሰፈር ነው። ይህ ሰፈር ለዘበኞቹ የጠላትን ቁራጭ የሚያሳዩ ፕሮቲኖች የሚሠሩበት ነው። የቲኤንኤፍ ጂንም ጎረቤቱ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ ኢንተርሊምፍ የተባለው የሊምፎማ ተመራማሪዎች ማኅበር ጥናት፣ ቲኤንኤፍ አብዝቶ ከማምረት ጋር የሚያያዘውን የጂን ዓይነት የተሸከሙ ሰዎች ለዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል በመጠኑ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። ውፍረት የሚያበዛውን ኬሚካል ዘርም ያበዛዋል ማለት ነው። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት መስቀለኛ እዚህ ነው የሚለው ሐሳብ የመጣውም ከዚህ ነው። የሌፕቲን ጂን ልዩነቶችም በዚሁ ምክንያት ተፈትሸዋል። ውፍረትና ጂን ሲደመሩ አንዱ ሌላውን ያባብሰው እንደሆነ የፈተኑ ጥናቶች ግን ውጤታቸው እርስ በርሱ ይጋጫል። እኔ በዚህ ላይ ተመሥርቶ የሚሸጥ የዘረመል ምርመራ ቢመጣ ገንዘቤን አላወጣም።

ውፍረት ራሱም በከፊል ዘር ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የተለየው ኤፍቲኦ የሚባል ጂን ከሁለቱም ወላጆች በአወፋሪው ዓይነት ከተወረሰ በአማካይ 3 ኪሎ ገደማ ይጨምራል። ሰውነትን የሚያንቀሳቅስ ሰው ላይ ግን ይህ ጫና ሲቀንስ ታይቷል። መንዝ ላይ ከገበያ ገበያ ዳገት በእግሩ የሚወጣ ገበሬ ይህን ጂን ቢሸከም እንኳ ማን ያውቅበታል? ልጁ ደብረ ብርሃን ገብቶ ፋብሪካ ወይም ቢሮ ሲውል፣ በባጃጅ ሲመላለስ፣ ከበሶና ከቆሎ ወደ ፓስታና ለስላሳ ሲዞር ነው ጂኑ የሚነቃው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ሴቶች በአገር ደረጃ 8 በመቶ፣ በከተማ ግን 21 በመቶ ነበሩ። ጂናችን በአንድ ትውልድ አልተቀየረም። የተቀየረው ኑሮው ነው።

አንድ ትልቅ ጉድለት መጠቀስ አለበት። የሊምፎማ የዘረመል ጥናቶች በብዛት የተሠሩት በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ ነው። የሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት ሰፊ የሆነው ደግሞ አፍሪካ ውስጥ ነው። ስዊድን ውስጥ የተገኘ ዝርዝር ለመርሐቤቴ ሰው እንዳለ አይሠራም።

ሰሜን ሸዋ ላይ ከውፍረትም ከዘርም የቀደሙ ምክንያቶች አሉ። ኤችአይቪ የሊምፎማን ዕድል በብዙ እጥፍ ያሳድጋል፤ ከዚህ አንጻር የ5 ነጥብ ክብደት ምንም ማለት አይደለም። ቡርኪት የሚባለው የሕፃናት መንጋጋ የሚያሳብጥ ሊምፎማ ደግሞ ወባ በሚበረታባቸው የአፍሪካ ቆላዎች የታወቀ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ዴኒስ ቡርኪት በ1958 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ውስጥ ገለጸው። ወባና ኤፕስታይን-ባር የተባለ ቫይረስ ተባብረው ያመጡታል። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የገባ ሰው በአንድ ጉዞ ከብርድ አገር ወደ ወባ አገር ይሻገራል። አንድ ዞን ቢሆንም የበሽታው መልክ አንድ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ግን ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የእጢ ቲቢ ብዙ ነው። እሱም አንገት ያሳብጣል፣ ያከሳል፣ በላብ ያጠምቃል። በቋንቋችን ቲቢም ካንሰርም «ነቀርሳ» መባላቸው ነገሩን አባብሶታል። ያበጠ እጢ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ሲታይ ቲቢውን ብዙ ጊዜ ይለያል። ሊምፎማ ከተጠረጠረ ግን መርፌው አይበቃም፤ እጢው ተቆርጦ ወጥቶ ባዮፕሲ መሠራት አለበት። የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ለውጥ ያላየ ሰው ተመልሶ ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። ጸበል የገባም ይግባ፤ እጢው እያደገ እያለ ሐኪሙን ማቆየት ግን አያዋጣም።

ሕክምናው በዋናነት ኬሞቴራፒ ነው። ለዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል አራት መድኃኒቶች በአንድ ላይ ይሰጣሉ፤ ቾፕ ይባላል። ሪቱክሲማብ የተባለው አምስተኛ ሲጨመርበት ውጤቱ ይሻላል፣ ዋጋውም ይከብዳል። መጠኑ የሚታዘዘው በታማሚው ቁመትና ክብደት ተሰልቶ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ነርሷ ታማሚውን ሚዛን ላይ ታወጣዋለች።